የተቆለፈው ፋይል ከዓመታት በኋላ ይከፈታል ወይ?

የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሕሙማን ካርድ፣ የደንበኛ መታወቂያ ቅጂ በቴሌግራምና በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ መዞሩ ለማንም አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) የሰው መረጃ የያዘ አካል ያንን መረጃ እንዲጠብቅ በሕግ ማስገደዱ ነው። «ኢንክሪፕት አድርገህ (በምስጠራ ቆልፈህ) ላከው» የሚለው ትእዛዝም ከአይቲ ክፍል አልፎ ሒሳብ ክፍልና መዝገብ ቤት መድረሱ አይቀርም። ሥራው ራሱ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ፋይሉ ሲፈለግ።

ሲበላሽ ደግሞ የሚበላሸው ሰው የሚፈራው ቦታ ላይ አይደለም። ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት መስፈርት ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ በተግባር የሰበረው የለም። የሚሰበረው ዙሪያው ነው፦ የይለፍ ቃሉ ወደ ቁልፍ የተቀየረበት ስሌት፣ ፋይሉ በመንገድ ላይ መነካቱን የሚያሳውቅ ነገር አለመኖሩ፣ ዲስኩ ላይ የቀረው ያልተቆለፈ ቅጂ። ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ «ስንት ቢት ነው?» ከማለት ይልቅ «ከተመሰጠረው ይዘት ሌላ ፋይሉ ውስጥ ምን ይጽፋል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልሱ ከመሣሪያ መሣሪያ በጣም ይለያያል። (ከዚህ በታች የትእዛዞቹና የአማራጮቹ ስም በግእዝ ፊደል ቢጻፍም ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ነው፤ «ጭረት» የምንለው ከአማራጩ በፊት የምትገባዋን አጭር መስመር ነው።)

ብዙ መማሪያ የሚጀምረው ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ፕሮግራም ነው፤ ምክንያቱም ሊኑክስ ባለበት ማሽን ሁሉ ማለት ይቻላል ተጭኖ ይገኛል። «ኢንክ» የሚለውን ንዑስ ትእዛዝ፣ «ኤኢኤስ-256-ሲቢሲ» የሚለውን ስልት፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ፋይል ስም ሰጥቶ የይለፍ ቃል ሁለቴ መተየብ ነው። የወጣውን ፋይል ባይት በባይት በሚያሳየው በኤክስኤክስዲ ብናየው ያልተመሰጠሩት የመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ብቻ ናቸው። ስምንቱ «ሶልትድ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት የግርጌ መስመር ተጨምሮበት ነው። ቀጣዮቹ ስምንት በዘፈቀደ የወጡ ባይቶች ሶልት የሚባሉት ናቸው፤ ከይለፍ ቃሉ ጋር ተቀላቅለው ያንኑ ቃል በየፋይሉ የተለየ ቁልፍ ያደርጉታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የተመሰጠረው ይዘት ነው። በየትኛው ስልት እንደተመሰጠረ፣ የይለፍ ቃሉ በየትኛው ሃሽ (ጽሑፍን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ቁጥር የሚቀይር ስሌት) በስንት ዙር ወደ ቁልፍ እንደተቀየረ አልተጻፈም። ማስታወስ ያለበት ሰውየው ነው፤ ሰው ደግሞ አያስታውስም።

ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ሰው አስደንግጧል። በዚያ ዓመት የወጣው የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ምንም ካልተነገረው በስተቀር የሚጠቀምበትን ሃሽ ከኤምዲ5 ወደ ኤስኤችኤ-256 ቀየረ። ኡቡንቱ 16.04 ላይ የተቆለፈ ፋይል ኡቡንቱ 18.04 ላይ ሲከፈት «ባድ ዲክሪፕት» የሚል መልእክት ብቻ ይሰጣል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ፋይሉም ደህና ነው፤ የተቀየረው መሣሪያው ነው። «ጭረት ኤምዲ» ብሎ ኤምዲ5ን መጨመር ይከፍተዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ግን የይለፍ ቃሉን የረሳው መስሎት ሲገምት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3.0 ደግሞ እንደ ዴስ፣ አርሲ4 እና ብሎውፊሽ ያሉትን አሮጌ ስልቶች «ሌጋሲ» ወደሚባል ለብቻው የሚጠራ ክፍል ወሰዳቸው። በእነዚህ የተቆለፈ ማህደር ያለው ሰው ሲከፍት «ጭረት ፕሮቫይደር ሌጋሲ» እና «ጭረት ፕሮቫይደር ዲፎልት» የሚሉትን አማራጮች መጨመር አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። የሲቢሲ ስልት ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ ማኅተም የለውም። ይዘቱን በ16 ባይት ቁራጭ እየከፈለ ይመሰጥራል፤ የተመሰጠረ አንድ ቁራጭ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ሲፈታ ያ ቁራጭ ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ ቀጣዩ ቁራጭ ላይ ግን በትክክል ያቺው ቢት ብቻ ትገለበጣለች። በደመወዝ ሠንጠረዥ እንየው። በኮምፒውተር ውስጥ «1» እና «9» የሚሉት አኃዞች የሚለያዩት በአንዲት ቢት ነው። የሠንጠረዡን አሰላለፍ የሚያውቅ፣ የይለፍ ቃሉን ግን የማያውቅ ሰው ትክክለኛዋን ቢት ቢገለብጥ 15000 የነበረው 95000 ሆኖ ይፈታል። ከፊቱ ያሉት 16 ባይቶች ይበላሻሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንም የማያነበው የማስታወሻ ዓምድ ካለ ልብ የሚል አይኖርም። ኦፕንኤስኤስኤል ስህተት አይናገርም። የተሳሳተ የይለፍ ቃልም ቢሆን ሁልጊዜ አይያዝም፦ ፍተሻው የመጨረሻውን ቁራጭ ሙሌት (16 ባይት እንዲሞላ የተጨመረበትን) ማየት ብቻ ስለሆነ በግምት ከ256 አንድ ጊዜ የተሳሳተው ቃል ያልፍና «ተሳክቷል» ተብሎ ቆሻሻ ፋይል ይወጣል። «ኢንክ» ማኅተም ያላቸውን እንደ ጂሲኤም ያሉ ስልቶች አይቀበልም፤ ስለዚህ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሆኖ ጉዳዩን ማስተካከል አይቻልም።

የይለፍ ቃሉ ወደ ቁልፍ የሚቀየርበት ስሌትም እንዲሁ ነው። ምንም አማራጭ ካልተጨመረ «ኢንክ» ሃሹን በአንድ ዙር ብቻ ያሰላል። አዳዲሶቹ እትሞች «ዲፕሪኬትድ ኪ ዴሪቬሽን ዩዝድ» ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ፋይሉን ግን ይቆልፉታል። አንድ ዘመናዊ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ኤስኤችኤ-256 ያሰላል። እኛ ዘንድ የስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ የተለመደ ነው፤ በ09 እና በ07 የሚጀምሩት ባለ አሥር አኃዝ ቁጥሮች ሁሉ ተደምረው 200 ሚሊዮን ናቸው። በአንድ ዙር ስሌት ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተሞክሮ ያልቃል። ከ1.1.1 ጀምሮ ያለው «ጭረት ፒቢኬዲኤፍ2» ስሌቱን ደጋግሞ በማሠራት ነገሩን ያሻሽላል፤ ዝም ከተባለ ግን 10,000 ዙር ነው የሚሰጠው። «ጭረት አይተር» ብሎ 600,000 ማድረግ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የስልክ ቁጥሩ ከሰዓታት በላይ አይቆይም። ዙር መጨመር ደካማ ቃልን አያጠነክርም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ። እዚህም ላይ ዙሩ ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም፤ በ600,000 ቆልፎ ሲከፍት «ጭረት አይተር»ን የረሳ ሰው የሚያገኘው ያንኑ «ባድ ዲክሪፕት» ነው። ኦፕንኤስኤስኤልን የግድ መጠቀም ያለበት ሰው የተጠቀመበትን ሙሉ ትእዛዝ ከእነ እትም ቁጥሩ በጽሑፍ ፋይል አስፍሮ ከተቆለፈው ጎን ያስቀምጥ። የይለፍ ቃሉ እስካልተጻፈበት ድረስ ያ ማስታወሻ ምስጢር አያወጣም።

ጂፒጂ በዚህ ረገድ ሌላ ዓለም ነው። ዌርነር ኮህ የጀመረው ይህ ፕሮግራም 1.0 ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የሚጽፈው ፋይል ራሱን ይገልጻል። «ጭረት ሲ» ብለን በይለፍ ቃል ብቻ ከቆለፍን በኋላ ፋይሉን «ሊስት-ፓኬትስ» በሚለው አማራጭ ብናየው «ሳይፈር 9» ይላል፤ ኤኢኤስ-256 ማለት ነው። ቃሉ በየትኛው ሃሽ እንደታሸና የመታሸቱ መጠንም እዚያው ተጽፏል፤ መጠኑን ጂፒጂ ራሱ እንደ ማሽኑ ፍጥነት ለክቶ ነው የሚወስነው። የሚከፍተው ሰው ምንም ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ ማኅተምም አለው። ልዩነቱ በጣም አሮጌ ፋይሎች ላይ ነው፦ የቀድሞዎቹ እትሞች ካስት5 በሚባል ስልት ያለ ማኅተም ይቆልፉ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢፌይል የተባለው ጥቃት ከተጋለጠ ወዲህ የወጡት እትሞች እንዲህ ያለውን ፋይል በስህተት ይመልሱታል። የፋይሉ ምንጭ የታመነ ከሆነ «ኢግኖር-ኤምዲሲ-ኤረር» የሚለው አማራጭ ያሳልፈዋል።

የጂፒጂ ጣጣ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። አንድ ሰው ፋይሉን ቆልፎ ወዲያው ሊሞክረው ሲከፍት የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይከፈትለታል፤ «አልተቆለፈም!» ብሎ ይደነግጣል። ተቆልፏል። ከበስተጀርባ የሚሠራው ጂፒጂ-ኤጀንት ቃሉን ለ600 ሰከንድ ያህል ይዞት ስለሚቆይ ነው፤ በየመሃሉ ከተጠቀሙበት እስከ 7200 ሰከንድ ድረስ ይዘልቃል። «ኖ-ሲምኪ-ካሽ» ቢጨመር ቃሉን አይዝም። በኤስኤስኤች ሩቅ ሰርቨር ላይ ገብቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ «ኢናፕሮፕሪየት አዮክትል ፎር ዲቫይስ» የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ይገጥመዋል። ትርጉሙ የይለፍ ቃል መጠየቂያው የትኛው ተርሚናል ላይ ብቅ እንደሚል አላወቀም ማለት ነው፤ «ጂፒጂ ቲቲዋይ» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ «ቲቲዋይ» ከሚለው ትእዛዝ በሚወጣው ስም መሙላት ይበቃል። «ጭረት ዲ» ብቻውን ሲሰጥ የተፈታውን ይዘት ስክሪኑ ላይ ያፈሰዋልና «ጭረት ኦ» ብሎ የሚወጣበትን ፋይል መንገር አይረሳ።

በይፋዊ ቁልፍ (ለማንም የሚሰጥ፣ መቆለፍ እንጂ መክፈት የማይችል፤ የሚከፍተው ባለቤቱ ጋ የሚቀረው የግል ቁልፍ ነው) ሲሠራ ግን አንድ ከሁሉ የከፋ ስህተት አለ። ለተቀባዩ ቁልፍ ብቻ የተቆለፈውን ፋይል ላኪው ራሱ መክፈት አይችልም። ላከ፣ ኦሪጅናሉን አጠፋ፣ ከወር በኋላ ፈለገው፤ የሚያገኘው «ኖ ሲክሬት ኪ» ነው። መፍትሔው በትእዛዙ ውስጥ የራስን ቁልፍም እንደ ሁለተኛ ተቀባይ መጨመር ነው። ይዘቱ ሁለቴ አይመሰጠርም፤ ሁለቴ የሚታሸገው ትንሿ የፋይል ቁልፍ ብቻ ስለሆነች መጠኑ እዚህ ግባ በማይባል ባይት ነው የሚጨምረው። ጊዜው ያለፈበት ቁልፍን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው ያለ ምክንያት ነው፦ የግል ቁልፉ እስካለ ድረስ የድሮ ፋይል ይከፈታል፤ በዚያ ቁልፍ አዲስ መቆለፍ ነው የማይቻለው።

ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ቢሮ ግን የእኛ ምርጫ ኤጅ ነው። ፊሊፖ ቫልሶርዳ እና ቤን ካርትራይት-ኮክስ የነደፉት ይህ ትንሽ ፕሮግራም 1.0 የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሆን ተብሎ ምርጫ ተነፍጎታል፤ ስልት አይመረጥም፣ ዙር አይነገርም። «ጭረት ፒ» ሲባል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ምንም ሳይጻፍ ኢንተር ከተመታ ከ2048 ቃላት ዝርዝር ውስጥ አሥር ቃል ራሱ መርጦ ያሳያል፤ ይህም ሰው ራሱ ከሚፈጥረው ቃል ይበልጣል። ቃሉን ወደ ቁልፍ የሚቀይረው ኤስክሪፕት በሚባል ስሌት ስለሆነ እያንዳንዱ ሙከራ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ጂፒዩ በሺዎች ትይዩ እንዳይሞክር የሚያንቀው ይህ ነው። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመሮች የሚነበብ ጽሑፍ ናቸው፤ «ኤስክሪፕት» ከሚለው ቀጥሎ ሶልቱ፣ ከዚያ 18 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ሥራው አሥራ ስምንት ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው የሚሰጡት 262,144 እርምጃ መሆኑን ይናገራል። ይዘቱ በ64 ኪሎባይት ቁራጭ እየተከፈለ እያንዳንዱ የራሱ ማኅተም አለው፤ የመጨረሻው ቁራጭ መጨረሻ መሆኑ ምልክት ስላለበት ጅራቱ የተቆረጠ ፋይል ይታወቃል። የቢት መገልበጥ ጨዋታ እዚህ አይሠራም።

«ኤጅ-ኪጄን» ሲጠራ ሁለት ቁልፍ ይወጣል። ይፋዊው ቁልፍ 62 ፊደል ነው፤ በቴሌግራም ቢላክም ችግር የለውም። የግል ቁልፉ 74 ፊደል ሲሆን መፈተሻ ስላለው በእጅ ተገልብጦ አንዲት ፊደል ቢሳሳት ፕሮግራሙ ይነግራል። አትሞ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንዲያውም ይገባል። ኤጅ የሌለው ነገር ፊርማ ነው። ይፋዊ ቁልፋችንን የያዘ ማንም ሰው ሌላ ፋይል ቆልፎ በስማችን መተካት ይችላል። «ማን ላከው?» የሚለው ጥያቄ ካለ ሚኒሳይን በሚባለው የፊርማ ፕሮግራም ወይም በጂፒጂ የተሠራ ፊርማ ይጨመርበት።

የይለፍ ቃልን በአማርኛ የሚያወጣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛ መማሪያዎች አይገኝም። ግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለጥንካሬው ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በጸ ወይም በፀ፣ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ስንጽፈው ብቻ ስድስት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች ይሆናሉ፤ ለኮምፒውተሩ በጭራሽ አይገናኙም፣ ዩኒኮድም አንድ አያደርጋቸውም። ቃሉን በስልክ ነግረነው ሌላው ሰው በራሱ አጻጻፍ ሲተይበው አይከፈትም። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ማድረግና ባዶ ቦታ መተውም እንዲሁ ይለያያሉ። ተይበን የማናየው ስለሆነም የትኛውን እንደጻፍን አናውቅም። ይህ የገጠመው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፦ ቃሉ ከታወቀ የሞክሼዎቹ ቅንጅት ጥቂት ደርዘን ስለሆነ አንድ በአንድ ጽፎ መሞከር ያዋጣል። ለአዲስ ፋይል ግን ቃሉን በላቲን ፊደል ማውጣት ይሻላል፤ አማርኛ ኪቦርድ በሌለው ሰርቨር ላይ መክፈት ሊኖር ይችላልና።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 የፕሮግራምን ውጤት በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ማፍሰስ ባይቶቹን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ወደ ዩቲኤፍ-16 ይቀይራቸዋል። የተቆለፈው ፋይል በዚያው ቅጽበት ይበላሻል፤ መበላሸቱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። ሁልጊዜ «ጭረት ኦ» ይጠቀሙ። የይለፍ ቃሉን ትእዛዙ መስመር ላይ መጻፍም በየትኛውም ሲስተም አይመከርም፤ በሼሉ (ትእዛዞቹን በሚቀበለው ፕሮግራም) ታሪክ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ትእዛዙ እየሠራ ሳለም ማሽኑን የሚጋራ ሌላ ተጠቃሚ እየሠሩ ያሉትን ትእዛዞች በሚዘረዝረው በ«ፒኤስ» ሊያየው ይችላል።

የዚፕ የይለፍ ቃልን አጥብቀው የሚያምኑ አሉ። ነባሩ የዚፕ ምስጠራ እ.ኤ.አ. በ1994 በቢሃምና በኮከር ተሰብሯል፤ ከይዘቱ ጥቂት ባይት የሚታወቅ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም አይጠቅምም። ሰቨንዚፕ በራሱ የሰቨንዜድ ቅርጽ ኤኢኤስ-256ን ይጠቀማል፤ ተርሚናል የማይነካ ተቀባይ ካለ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። የፋይሎቹን ስም እንዲሸፍን ግን «ጭረት ኤምኤችኢ» እኩል ይሆናል «ኦን» መባል አለበት፤ ካልተባለ «የስንብት_ደብዳቤ» የሚለው ስም ሳይከፈትም ይነበባል።

ቆልፎ ሲያበቃ ኦሪጅናሉ አለ። «አርኤም» የሚባለው የማጥፊያ ትእዛዝ ስሙን እንጂ ይዘቱን አያጠፋም። «ሽሬድ» በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ሦስት ጊዜ ይጽፍበታል፤ ኤስኤስዲና ፍላሽ ላይ ግን መቆጣጠሪያው አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ስለሚያስቀምጠው አሮጌው ሊቀር ይችላል። ይሻላል የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙሉ ዲስኩን በለክስ (ሊኑክስ ላይ) ወይም በቢትሎከር (ዊንዶውስ ላይ) መቆለፍ። ሁለተኛው፣ ፋይሉ ሲፈታ ሊኑክስ ላይ «ዴቭ ኤስኤችኤም» በሚባለው፣ ሜሞሪ ላይ በሚኖር ማውጫ ውስጥ እንዲወጣ ማድረግ። ኦሪጅናሉ ከመጥፋቱ በፊት የተቆለፈውን ፈትቶ የሁለቱን ኤስኤችኤ-256 ማነጻጸር ግዴታ ነው፤ ቢቻል በሌላ ማሽን ላይ፣ ቁልፉን ካዝና ካለው ወረቀት አስገብቶ። «ቁልፍ ጠፋ» የሚባለው ከመጀመሪያው በትክክል ያልተገለበጠ ቁልፍ ሊሆን ይችላልና።

በየሌሊቱ ራሱን የሚቆልፍ ባክአፕ የሚያዘጋጅ ሰው የይለፍ ቃልን ስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍ። ሰርቨሩ ላይ የኤጅን ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ያስቀምጥ፤ ሰርቨሩ መቆለፍ ይችላል፣ መክፈት ግን አይችልም፤ የገባበት ሰውም የትናንቱን ባክአፕ አያነብም። ታር የተባለው ትእዛዝ ማውጫውን አንድ አድርጎ ጠቅልሎ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብለው መንገድ) ወደ ኤጅ ያስተላልፋል፤ የፋይሎቹ ስም የሚሸፈነውም በዚሁ ነው። አደጋው ፓይፑ ላይ አለ፦ ታር መሀል ላይ ዲስክ ማንበብ አቅቶት ቢቆም እንኳ ኤጅ የደረሰውን ያህል በሚገባ ቆልፎ ይጨርሳል፤ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ ደግሞ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ስለሆነ ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ይላል። ማኅተሙ ትክክል ነው፣ ውስጡ ግማሽ ነው። ስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት ጭረት ኦ ፓይፕፌል» ይጻፍ፤ ውጤቱም በጊዜያዊ ስም ይቀመጥና ሁለቱም ያለ ስህተት ካበቁ ብቻ በ«ኤምቪ» ወደ ትክክለኛ ስሙ ይዛወር፤ ያልተሳካው የትናንቱን እንዳይሸፍነው።